ንግሥቲቱ «አንተ» ስትል

ድርቁ በበረታበት ዓመት ነው። መምህርት ኢስተሂል ሐርተሼክ ወዳለው ሱቃችን የመጣችው ለመጋረጃ የሚሆን ጨርቅ ፍለጋ ነበር። ትያትር ሊሠራ ነው ስትል አባቴ ሳቀ። እኔ መቀሱን እንደያዝኩ ዓይኗን እያየሁ ቀረሁ።

«እኔ ትያትር ያየሁት ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው» አለች። «ተማሪዎቼ እስከዚያ ለምን ይጠብቁ? ያገኘሁት የተውኔት ትርጉም ግን በአማርኛ ነው፤ ልጆቹ አፋቸውን የፈቱት በሶማሊኛ ስለሆነ አነጋገራቸውን የሚያቃና ሰው ያስፈልገኛል። አንተ ትመጣለህ?»

«እርስዎ ካሉ እመጣለሁ።»

እኩያዬ ናት። ግን መምህርት ናት፤ «አንቺ» ማለት ከበደኝ።

ተውኔቱ የጥንት ነው፣ የባሕር ማዶ። ንጉሡ ሊዘምት ይነሳል፤ ንግሥቲቱ ትለምነዋለች። ንግሥት የሆነችው ትንሿ ዴቃ ናት። ከብቶቻቸው አልቀው ደብተር እንኳ የሚገዛላት አልነበረም፤ ቃሉን ሁሉ በጆሮዋ ነው የያዘችው።

«አንተ ከሄድክ ቤቱ ለማን ነው?» አለችው ልምምድ ላይ ንጉሡን።

«‹እርስዎ ከሄዱ› በይ» አልኳት። «ንጉሥ ‹አንተ› አይባልም።»

«በሶማሊኛ ለንጉሡም ለግመል ጠባቂውም ያው ‹አዲጋ› ነው!» አለች ተቆጥታ።

ኢስተሂል ቀና ብላ አየችኝ። «ተዋት ጁነይድ። ንግሥቲቱ እኮ ትወደዋለች። ‹እርስዎ› እያለች እንዴት ታስቀረዋለች?»

ልጆቹ ሳቁ። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

የትያትሩ ዕለት ዴቃ «አንተ ከሄድክ» ስትል አንድ ሽማግሌ ከምንጣፉ ተነስተው «አንተ ልጅ፣ ሚስትህን ጥለህ ወዴት ነው?» ብለው በሶማሊኛ ጮኹበት። ንጉሡ ደንግጦ ዘውዱ ወደቀ። የዴቃ እናት እያለቀሰች ሳቀች፤ የኢስተሂልን እጅ ይዛ አለቅም አለች።

በሳምንቱ ኢስተሂል ወደ ጅጅጋ ተዛወረች። ሚኒባሱ ጋ ልጆቹ ከበዋታል። መጋረጃውን አጥፋ መለሰችልኝ።

«እርስዎ…» አልኩና የታጠፈውን መጋረጃ መልሼ ማጠፍ ጀመርኩ።

ዴቃ ጎኔን በክርኗ ጎሸም አደረገችኝ። «‹ከሄድክ› ነው!» አለች በሹክሹክታ። «ረሳኸው እንዴ?»

«አንቺ ከሄድሽ» አልኩ፣ «ቤቱ ለማን ነው?»

ረዳቱ እንኳ «ጅጅጋ! ጅጅጋ!» ማለቱን ተወ። ኢስተሂል በሻሿ ጫፍ አፏን ሸፈነች፤ ዓይኖቿ ግን ይስቁ ነበር።

«አልሐምዱሊላህ! ‹እርስዎ› እያልክ የምትሸኘኝ መስሎኝ ነበር። በል፣ ለአባቴ ሽማግሌ ላክ።»

ዛሬ የምንኖረው ጅጅጋ ነው። ያው መጋረጃ ግን ለትያትር ከእኛ ጋር ሐርተሼክ እየተመላለሰ ሌሎች ልጆችን ያያል። ዴቃን ከዱዓዬ አልለያትም። ኢስተሂል ስትቆጣኝ ብቻ «እርስዎ» ትለኛለች፤ ያኔ የንግሥቲቱን ቃል እላታለሁ፤ ሳቋ ያመልጣታል።