የስምንት ሰዓት ሕግ

እሁድ እሁድ ተራራ የሚያወጣን አስጎብኚ ነበር፤ አንዳንዴ በእግር፣ አንዳንዴ በብስክሌት። ከአፉ ስለማይለይ «ቀስ በሉ» ብለን ነበር የምንጠራው። እኔ መነጽር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጬ ሰው ዓይን ላይ ስለማፈጥ፣ እግሬ እንዳይረሳኝ ብዬ ተቀላቀልኳቸው።

የመጀመሪያው ቀን ዓይኑ ያረፈው ጫማዬ ላይ ነው።

«እህቴ፣ ይሄ ጫማ ስንት ቀኑ ነው?»

«ትናንት ነው የገዛሁት።»

«በአዲስ ጫማ ተራራ አይወጣም። መጀመሪያ ሰፈር ይዞሩበታል። ዛሬ ተረከዝሽ ይላጣል፣ ነግሬሻለሁ።»

ተላጠ። ተንበርክኮ ፕላስተር ሲለጥፍልኝ አልሳቀብኝም። እኔም በዚያው ወደድኩት፤ ምን ልደብቅ።

ሁሉን ነገር ያስተማረኝ እሱ ነው። ሳይጠማሽ ጠጪ ይለኛል። ቁልቁለት ላይ ኮርቻውን ዝቅ፣ ሰውነትሽን ወደ ኋላ፤ የፊቱን ፍሬን ብቻውን ከያዝሽ ባፍጢምሽ ነው የምትደፊው። «ድንጋዩን ካየሽው ትገቢበታለሽ። ማለፊያውን እዪ» እያለ፣ እሱ የሚያየው እኔን ነበር።

አንድ ሕግ ላይ ግን ቀልድ አያውቅም። «ስምንት ሰዓት ሲሆን የትም ብትደርሱ ትመለሳላችሁ። ጫፉ የትም አይሄድም።» አንዴ መቶ እርምጃ ሲቀረን መለሰን። አንዱ ጮኸ፣ ተሳደበ፤ እሱ ንቅንቅ አላለም።

ላግባሽ ሲለኝ እናቴ እሳት ለበሰች። «ገደል ላይ ለሚንጠላጠል ሰው ነው ልጄን የምሰጠው? ያለኝ አንድ ልጅ ነው!» እኔም «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አልኩት። ትንሽ ያልኩት ስምንት ወር ሆነ።

አንድ ቀን የምሠራበት ሱቅ መጣ።

«ሌላ አገር ሥራ አግኝቻለሁ። እስከ ቅዳሜ ማታ መልስ ይፈልጋሉ» አለኝ። «ቅዳሜ ከሥራ ስትወጪ ጫፉ ላይ እጠብቅሻለሁ። ከመጣሽ አልሄድም። ከቀረሽም ይገባኛል።»

ቅዳሜ ጠዋት ለእናቴ «እሱን ነው የማገባው» አልኳት። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በስድስት ሰዓት ከሱቅ ወጥቼ ብስክሌቴ ላይ ወጣሁ።

መንገዱ አጋማሽ ላይ የኋላው ጎማ ተነፈሰ። ለጥፌ እስክነፋው ጊዜው በረረ። የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ሰዓቴን ሳይ ልክ ስምንት ነው። ሃያ ደቂቃ ቢቀረኝ ነው። ጭጋጉ ጫፉን ሸፍኖታል፣ ስልክ እዚያ አይሠራም።

ሕጉን መጣስ ሽው እንኳን አላለኝም። እሱ ከስምንት ሰዓት በኋላ ጫፍ ላይ ቆሞ አያውቅም። ይሄኔ በእግረኛው መንገድ ወርዶ ከተራራው ግርጌ መግቢያው በር ላይ ይጠብቀኛል ብዬ ብስክሌቴን አዞርኩ።

በሩ ላይ ማንም አልነበረም። እስኪጨልም ጠበቅኩ። ስልኩ አይጠራም።

እቤት ገብቼ ስደውልለት ጠራ።

«የት ነበርክ? በር ላይ ስጠብቅህ ዋልኩ እኮ!»

«በር ላይ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ስወጣ መታጠፊያዋ ላይ ስምንት ሰዓት ሆነብኝ። ተመለስኩ።»



«እኔ እስከ አሥራ ሁለት ጫፉ ላይ ነበርኩ» አለኝ። «ስትቀሪ በወዲያኛው በኩል ወረድኩ።»

«ሕጉ ያንተ ነው!»

«ለተራራ እኮ ነው ያወጣሁት፤ ላንቺ አይደለም። አሁን፣ ከግማሽ ሰዓት በፊት ውሉን ፈርሜ ላክሁላቸው። አምስት ዓመት ነው።»

ሰርዘው ማለት ነበረብኝ። ኩራቴ ከለከለኝ።

«ጠብቂኝ ልበልሽ?» አለኝ፣ ድምፁ አንሶ።

ተናድጄ ነበር። በእሱ፣ በጎማው፣ ከግድግዳው ወዲያ ጆሮዋን ባቆመችው እናቴ፣ ከሁሉም በላይ በራሴ።

«አትበለኝ» አልኩት።

«እሺ» ብሎ ዘጋው።

አንድ ጊዜ ብቻ ቢደግመው እሺ እለው ነበር። ሳይለኝም አምስቱን ዓመት ጠበቅኩት። በስድስተኛው ማግባቱን ሰማሁ።