ዳገት የምትወጣው ኳስ

ኳሷ ለአራተኛ ጊዜ ዳገቱን ወጣች። የሳይንስ ክበቡ ልጆች ናዲያ የቀረጸችውን ቪዲዮ ለማየት ስልኳ ላይ ተደፍተዋል። ከየካ ሚካኤል በላይ ወደ እንጦጦ በሚወጣው አስፋልት፣ በባሕር ዛፎቹ መሃል፣ ቢጫዋ ኳስ ማንም ሳይነካት ሽቅብ ትንከባለላለች።

«ይሄ እኮ ከባድ ነው» አለ ኤልቃና። «መሬቱ ማግኔት ሳይኖረው አይቀርም።»

«የፕላስቲክ ኳስ በማግኔት?» አለች ርሆቦት። የሰማት የለም።

ቪዲዮውን ሰባ ሺህ ሰው አይቶታል። የክበቡ ኃላፊ የሆኑት ቲቸር አሳየች ደግሞ ናዲያ ዓርብ ክበቡ ፊት አቅርባ ካሳመነች ለክፍለ ከተማው የሳይንስ ዐውደ ርዕይ እሷ እንድትሄድ ወስነዋል። ቦታው የአንድ ሰው ብቻ ነው። ርሆቦት ሁለት ዓመት ሙሉ የክበቡን ክፍል ጠርጋለች፣ ብርጭቆ አጥባለች። ናዲያ የገባችው ገና ዘንድሮ ነው፤ ያውም በርሆቦት ጉትጎታ። ርሆቦት ቀናች።

ቅዳሜ አባቷን ይዛ ወደ ቦታው ወጣች። ጋሮማ ግንበኛ ነው፤ ውሃ ልኩ አይለየውም። ውሃ የተሞላ፣ ውስጡ የሚታይ ረጅም ጎማ ነው።

«ዓይን ይሸወዳል። ውሃ ግን ሁለቱም ጫፍ ላይ እኩል ነው የሚቆመው» አላት።

እሱ ታች በሚመስለው በኩል፣ እሷ ላይ በሚመስለው በኩል ቆመው ጫፍና ጫፉን ያዙ። ውሃው ሲረጋ በእሱ በኩል ጉልበቱ ጋ፣ በእሷ በኩል ወገቧ ጋ ደረሰ። ዝቅ ያለው እሷ የቆመችበት መሬት ነበር። ዳገት የመሰለው ቁልቁለት ነው፤ ዓይን የሚያታልሉት በዙሪያው ያለው ተዳፋትና ያዘመሙት ዛፎች ናቸው።

«ጓደኛሽ ታውቃለች?» አላት ጋሮማ ጎማውን እየጠቀለለ።

«ዓርብ ታውቃለች።»

አባቷ ቀና ብሎ አያትና ጥቅልሉን ትከሻው ላይ ጣለው።

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ናዲያ ክንዷን ያዘቻት። «ርሆ፣ ነገ አንዱ ተነስቶ ‹ለምን?› ቢለኝ አለቀልኝ። እውነቴን ነው፣ ምንም አላውቅም። ከጨነቀኝ አንቺ ታወጪኛለሽ አይደል?»

«አታስቢ» አለች ርሆቦት። የገዛ ድምፅዋ ቀፈፋት።

ቤት ገብታ ልኬቱን የጻፈችበትን ወረቀት ዘረጋች። ነገ እጇን ታወጣለች፣ ታነባለች፣ ናዲያ ጉድ ትሆናለች። ስታስበው ደስ አላት። ግን ኳሷን ያንከባለለችው እሷ ራሷ ብትሆን ኖሮ ውሃ ልክ ትዝ ይላት ነበር? አይመስላትም። ሰባ ሺውን ሰው እያየች ፈገግ ትል ነበር። እዚህ ላይ ስትደርስ ተናደደች፤ የተናደደችውም በራሷ ነው።

ፀሐይዋ ገና አልጠለቀችም። አባቷን አስፈቅዳ ጎማውን ተሸክማ ወደ ናዲያ ቤት ሄደች።

«ምንድን ነው እሱ?» አለች ናዲያ በሩን ከፍታ።

«ውሃ ልክ። ኳስሽ ዳገት አትወጣም፤ መንገዱ ቁልቁለት ነው። ቅዳሜ ለክቼዋለሁ።»

ናዲያ ፊቷ ተለዋወጠ። «እስካሁን ለምን አልነገርሽኝም?»

«ቀንቼ።»

ርሆቦትን ቅናቱ አሁንም አልለቀቃትም፤ ነገ የምትመረጠው ናዲያ ብትሆን እንደሚብስባት ታውቃለች።

«ይሄ ነገር ለብቻ አይሠራም» አለች ርሆቦት። «ሳይመሽ እንውጣ። አንዱን ጫፍ አንቺ ትይዣለሽ፤ ነገ ‹ለምን?› ቢሉሽ መልስ ይኖርሻል።»

ናዲያ ጫማዋን ልታደርግ ገባች። ርሆቦት ጎማውን ትከሻዋ ላይ አስተካክላ ደጃፉ ላይ ጠበቀቻት።