የአዳራሹ ችካሎች

እናት መሆን ምስክርነት የሚያስከለክል ወንጀል ነው እንዴ? እማማ ምላጭ በፖሊስ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠው የሚያብሰለስሉት ይህንኑ ነው። የሰፈሩ ፓርክ አትክልተኛ የሆነው ልጃቸው የፓርኩን ኮሚቴ ሰብሳቢ ገድለሃል ተብሎ ታስሯል። ያን ምሽት ግን ቤት ሆኖ እግራቸውን በሞቀ ውሃ ሲያሽላቸው ነበር ያመሸው። ይህን ለአስር አለቃው ደጋግመው ነገሩት። እሱ እስክሪብቶውን እንኳ አላነሳም።

«እማማ፣ እናት ታዲያ ምን ትላለች?» አላቸው። «ይልቅ ይግቡና ይረፉ።»

«ልጄን አስረህ የምን እረፍት ነው?»

ሰፈሩ ምላጭ ያላቸው ለምላሳቸው ነው። ያን ቀን ግን ምላጩም ዶልዱሞ ነበር። ልጃቸው የላኩለትን ምግብ መልሶታል። በፍርግርጉ በኩል «እማ፣ ፈርሜላቸው ልገላገል» ብሏቸዋል። ነገ ወደ ትልቁ እስር ቤት ይወስዱታል።

ሟቹ ጡረታ የወጡ ፖስተኛ ነበሩ። የሚመሩት ኮሚቴ ፓርኩን ለማሻሻል ሲመክር ከርሟል፤ የውሃ ቧንቧ፣ መጸዳጃ ቤት፣ የልጆች መጫወቻ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሰርግም ሐዘንም የገጠመው ሁሉ በነፃ የሚገለገልበት ባለ ጣሪያ አዳራሽ። ኮሚቴው ወረቀት ብቻ አይቶ አያጸድቅም። የሚሠራው ሁሉ በችካልና በገመድ መሬት ላይ ይወጣና ነዋሪው ዙሪያውን ተዘዋውሮ ያየዋል። ንድፍ አውጪዋ የአዳራሹን ችካሎች ስትተክል ውላ ወደ ቤቷ ሄደች። በማግስቱ መሐንዲሱ ቦታውን ሊያጸድቅ ሲመጣ ያገኘው ግን የሰብሳቢውን ሬሳ ነው። ለቧንቧ በተቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ፣ ራሳቸውን ተመትተው፣ ደም የነካው የአትክልተኛው አካፋ አጠገባቸው ወድቆ። ችካሎቹም ተነቅለው ውሃ ወደሚያቁረው ታችኛ ጥግ ተዛውረዋል። አዳራሹ ሊያርፍ የነበረው አትክልተኛው ችግኝ ባፈላበት መደብ ላይ ነውና፣ በዚህ ከሰብሳቢው ጋር ሊተናነቁ እንደነበር ሁሉም ያውቃል። ከዚያ ወዲያ ማን ይጠይቅ?

እማማ ምላጭ ከጣቢያው ወጥተው ወደ ፓርኩ ሄዱ። ችግኞቹ ጠውልገዋል። ለልጃቸው የሚያደርጉለት ሌላ ነገር ቢያጡ፣ እነሱን ሊያጠጡ ማንቆርቆሪያ ይዘው፣ ካቆረው ውሃ ሊቀዱ ወደ ታችኛው ጥግ ወረዱ። እዚያ አንድ ችካል ጠለፋቸውና ሊደፋቸው ነበር።

«ይሄን ደግሞ የተከለው ማን ሰካራም ነው?»

«ምን ሆኑ፣ እማማ?» አለች ከጉድጓዱ አጠገብ ቁጢጥ ብላ የነበረች አጭር ሴት። ከዋናው መሥሪያ ቤት የተላከችው መርማሪ ነበረች።

«አይታይሽም እንዴ ተጋድሞ?»

መርማሪዋ ችካሉን አየች። ከዚያ ሌሎቹንም እየዞረች አየች። አራቱም አናታቸውን ወደ ውጭ አዘንብለው ነው የተተከሉት።

«ልጅዎ ችካል ሲተክል እንዲህ ነው?»

«የቲማቲሙን ድጋፍ ሂጂና እዪ። ቀጥ ብሎ ካልቆመለት ነቅሎ እንደገና ይተክላል። በዚህ አመሉ ስንቱ እራት ቀዝቅዞብኛል መሰለሽ።»

«ያን ምሽት አብሮኝ ነበር ብለዋል አሉ።»

«ብያለሁ። የሰማኝ የለም።»

«እኔ ሰማሁዎት።»

እማማ ምላጭ ያለቀሱት ያኔ ነው። ማንም እንዳያያቸው ፊታቸውን አዙረው።

መርማሪዋ ወደ ንድፍ አውጪዋ ሄደች። ልጅቷ ችካል ካዘመመ ልኩ እንደሚበላሽ፣ የሷ ሁሉ ቀጥ ብለው እንደቆሙ፣ ሰብሳቢውም እንደ ልማዳቸው ብቻቸውን ዙረው ሊያዩ እንደቀሩ ነገረቻት። ቀጥሎ መጋዘኑ ከፓርኩ አጥር ጋር የተያያዘውን የኮሚቴ አባል፣ ድንኳን አከራዩን ጠየቀች። ምንም አልሰማሁም አለ። አዳራሹን አሞገሰ፣ ሟቹን አሞገሰ፣ ለአትክልተኛው ሳይቀር አዘነ። «ንዴት ነው ያሳተው፣ ምስኪን» አለ።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ፓርኩ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። አትክልተኛው በካቴና መጣ፤ ጉንጩ ጎድጉዷል። እናቱ ሊነኩት እጃቸውን ዘረጉ፤ አስር አለቃው መሐል ገባ።

መርማሪዋ እቅዱ ስለሚቀጥል ችካሎቹን ወደ ቦታቸው እንመልስ አለች። የልጁን እጅ አስፈታችና ለእሱም፣ ለንድፍ አውጪዋም፣ ለድንኳን አከራዩም አንዳንድ ችካል ሰጠች። ሁሉም ተከሉ። ሁለቱ ቀጥ ብለው ቆሙ።

«ያንተ ለምን አዘመመ?»

ድንኳን አከራዩ አየው። «እጄ ለምዶ ነው» አለ። «የድንኳን ገመድ እንዳይነቅለው…» ቃሉን አልጨረሰም።

«ታች ያሉት አራቱም እንዲሁ ናቸው» አለች መርማሪዋ። «አትክልተኛው ለችግኞቹ ብሎ ነቀላቸው ተባለ። የሱ እጅ ግን እንዲህ አይተክልም። ታዲያ ውሃ የሚያቁር ቦታ ላይ ማን ተከላቸው? መሐንዲሱ አይቶ አይሆንም እንዲል የፈለገ ሰው። በነፃ አዳራሽ የሚጎዳው ማነው? ድንኳን የሚያከራይ። ሰብሳቢው ዙረው ሊያዩ ቀርተው ነበርና እጅ ከፍንጅ ያዙህ። ቁስሉ ክብ ነው፤ አካፋ ቢሆን ይሰነጥቅ ነበር። የመታቸው መዶሻ ነው፤ አካፋው ላይ ደሙ በኋላ ተቀባ።»

ይህን ስትል መጋዘኑን እንዲፈትሹ ልካቸው የነበሩት ፖሊሶች በድንኳን ሸራ የተጠቀለለ የእንጨት መዶሻ ይዘው መጡ። ደሙ እንጨቱ ውስጥ ሰርጓል።

ሰውየው መሬት ላይ ተቀመጠ። ሊገድላቸው አስቦ እንዳልነበር፣ ዝም በሉልኝ ብሎ እግራቸው ላይ ወድቆ እንደለመናቸው፣ እሳቸው ግን ነገ እናገራለሁ እንዳሉት ተናገረ። «ጉሮሮዬን ሊዘጉት ነበር» አለ። ፖሊሶቹ አንስተው ወሰዱት።

አስር አለቃው ካቴናውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «በሉ እማማ፣ ይዘውት ይግቡ።»

እማማ ምላጭ የልጃቸውን ጉንጭ ዳሰሱ። ከዚያ ወደ አስር አለቃው ዞሩ።

«የትም አልገባም። አንተ ልጄን ከደጄ ጎትተህ የወሰድከው ሰፈሩ እያየ ነው። እዚያው ደጄ ድረስ፣ ሰፈሩ እያየ፣ ራስህ ትመልሰዋለህ። መጀመሪያ ግን እስክሪብቶህን አውጣ። ያን ቀን የነገርኩህን ቃሌን አሁን ጻፍ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፤ ደጄ ላይ ቆመህ ጮክ ብለህ ታነብልኛለህ።»