ምክትሉ የሣለው ሞገድ

ጋሽ ማስመሪያ ረፋድ አምስት ሰዓት ላይ በቢሮው ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ሲገኝ ያለቀሰለት ሰው አልነበረም። ሠላሳ ዓመት የሂሳብ ክፍል ኃላፊ ሆኖ ሲኖር አንድም ሰው አመስግኖ አያውቅም፤ ቅጽል ስሙን ያወጡለት ተማሪዎች እንኳ በዚያ ስም ሲያሙት ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። ማጅራቱ ላይ ያረፈበት ትልቁ የሰሌዳ ኮምፓስ አጠገቡ ወድቋል። ሰሌዳው ላይ «የሳይን ግራፍ» ብሎ በእጁ ጽፏል፤ ጠረጴዛው ላይ ደግሞ ማንም እንዲነካበት የማይወደው፣ ግራፍ የሚሥለው ካልኩሌተር ጠፍቶ ተቀምጧል።

መርማሪዋ ስትደርስ ሬሳው ተነሥቷል፤ ገዳይም ተመርጦ አልቋል። የተመረጠችው ኮሪደሩ ላይ ፖሊስ የሚጠብቃት ወጣት የሂሳብ መምህርት ናት። ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ሟቹ ሲጮህባት ፎቁ ሁሉ ሰምቷል፤ ምን እንዳላት ግን በቅጡ የሰማ የለም።

«ምን አድርገሽው ነው የጮኸብሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ካልኩሌተሬን ሰበርሽ አለኝ። እኔ ነክቼውም አላውቅ!»

ፖሊሱ ሳቀ። «በካልኩሌተር ደግሞ ሰው ይጣላል?»

«እሱ ይጣላል» አለች። የሸሚዟ ደረት ረጥቧል፤ የስምንት ወር ልጇን ቤት ትታ መጥታ ጡቷ ሞልቶ ይፈሳል። «ዛሬ ካሰራችሁኝ ልጄን ማን ያጠባልኛል?»

መርማሪዋ ሹራቧን አውልቃ ሰጠቻት፤ በአዘኔታ ብቻ ግን ልትለቃት አትችልም።

ምክትል ኃላፊው አሥራ ስድስት ዓመት ምክትል ሆኖ የከረመ ሰው ነው። መርማሪዋን ቁጭ በይ እንኳ አላላትም።

«ልጅቷ እዚያ ናት። እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«አራት ሰዓት ከሩብ ላይ ከቢሮው ሲወጡ ጸሐፊዋ አይታዎታለች።»

«ብታየኝስ! ከቤት እንደመጣሁ ገባሁ፣ ደህና ሰው ትቼ ወጣሁ። ከዚያ እስከ አምስት ተኩል ስብሰባ ላይ ነበርኩ፤ ሃያ ሰው ይመሰክራል። እሷ ግን በዚያ ሰዓት ክፍል አልነበራትም፤ የት እንደነበረች ጠይቂያት።»

«ሲለዩት ምን ያደርግ ነበር?»

«ካልኩሌተሩ ላይ የሳይንን ግራፍ ሠርቶ ያሳየኝ ነበር። እንደ ልጅ ነው ደስ ያለው።»

«እኔና ሂሳብ ድሮም አንስማማ» አለች ወረቀት እየገፋችለት። «ያዩትን ይሣሉልኝ።»

በንቀት ሳቀ። ሦስት ጉብታ ያለው ሞገድ ሣለላት፤ በግራው ጠርዝ ኔጋቲቭ አሥር፣ በቀኙ አሥር ብሎ ጻፈ። ፈርሙበት ስትለውም ፈረመ።

መርማሪዋ ቢሮው ተመልሳ ካልኩሌተሩን በጓንት አገላበጠችው። ከላይኛው ረድፍ አንድ ቁልፍ የለም፤ ቦታው ጎድጉዷል። አብርታ በእስክሪብቶ ጫፍ ጎድጓዳውን ብትጫነውም መሣሪያው አልሰማትም። ማዕዘን በዲግሪ እንደሚቆጥር ስክሪኑ ላይ አንብባ፣ በዲግሪ ወደሚለኩበት ወደ ፊዚክስ ቤተ ሙከራ ገባች። ጠረጴዛው ላይ ዘመም ያለ ጣውላና የማዕዘን መለኪያ አለ።

«ካልኩሌተሩን የተዋሱት እርስዎ ነዎት» አለችው የፊዚክስ መምህሩን።

«ማን አለሽ?»

«ጣውላዎ።»

ሰውየው ጣውላውን ገፋ አደረገ። «ትናንት ማዕዘን ላሰላበት ወሰድኩት። በዲግሪ እንዳስተካከልኩት ከእጄ ወደቀ፤ ዲግሪውን የሚቀይረው ቁልፍ ከነሥሩ ተነቀለ። ሳልናገር መለስኩት። ጋሽ ማስመሪያን አታውቂውም፤ በቁሜ ነበር የሚቀብረኝ!»

«ጠዋት በእርስዎ ጥፋት ልጅቷን ሲሰድባት ሰምተዋል?»

«ሰምቻለሁ» አለ ወለሉን እያየ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁሉም በሟቹ ቢሮ ተሰበሰቡ፤ ርዕሰ መምህሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ምክትሉ፣ የፊዚክስ መምህሩ፣ ወጣቷም ከነፖሊሷ። አጠገቧ መቆም የፈለገ አልነበረም።

«ምክትሉ ያዩት ግራፍ ይኼ ነው» ብላ መርማሪዋ ወረቀቱን አሳየች። «ሦስት ጉብታ፣ ጠርዙ ከኔጋቲቭ አሥር እስከ አሥር። ትክክል?»

«ትክክል» አለ ምክትሉ አፉን ሞልቶ።

ካልኩሌተሩን አበራች፤ ሟቹ ያስገባው ሳይን እንዳለ አለ፣ ጠርዙም አሥርና አሥር ነው። ግራፉን አሣለችውና ስክሪኑን ዞር ዞር እያደረገች ለሁሉም አሳየች። ጉብታ የሚባል ነገር የለም፤ በአግድሙ መስመር ላይ የተጋደመ ሌላ መስመር ብቻ።

«ይህ መሣሪያ ማዕዘንን በሁለት ዓይነት ይቆጥራል» አለች። «በራዲያን ቢሆን ሦስቱ ጉብታ ይወጣል። በዲግሪ ከሆነ ግን አንዱ ሞገድ ሦስት መቶ ስልሳ ድረስ ስለሚለጠጥ፣ በአሥርና በአሥር መሐል የሚታየው ይኼ ጠፍጣፋ ነው። ቁልፉ ከትናንት ጀምሮ ተነቅሏል፤ ወደ ራዲያን የመለሰው ሰው ሊኖር አይችልም።»

«ጠርዙን አስፍቶት ይሆናላ!»

«አሥር ብለው የጻፉትና የፈረሙት እርስዎ ነዎት።»

ምክትሉ ጎንበስ ብሎ ፊርማውን አየ።

«ሟቹ ጠዋት የጮኸው ይኼን አይቶ ነው። እርስዎ ያኔ ገና ከቤት አልመጡም፤ ስለዚህ መበላሸቱን አላወቁም። ከሰሌዳው ላይ ሳይን የሚለውን አንብበው፣ ሃያ ዓመት ሲያስተምሩት የኖሩትን ከጭንቅላትዎ ሣሉልኝ። አራት ከሩብ ላይ በሕይወት ነበር ያሉን እርስዎ ብቻ ነዎት። ርዕሰ መምህር፣ ሟቹ ሦስት ተኩል ላይ ደውሎ ምን አለዎት?»

«ቦታዬን የምለቀው ለልጅቷ ነው፣ ለምክትሌ ራሴ እነግረዋለሁ አለኝ።»

ወጣቷ አፏን በእጇ ያዘች። ያን ሁሉ ጮሆባት ሲያበቃ!

የምክትሉ ፊት አመድ መሰለ። «አሥራ ስድስት ዓመት ስድቡን ዋጥኩ!» ብሎ ጮኸ። «አሥራ ስድስት ዓመት! ለዚች ለትናንት ልጅ! እየሳቀ ነው የነገረኝ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ እየሳቀ!»

ፖሊሱ ከወጣቷ አጠገብ ተነሥቶ ወደሱ ሄደ። ይቅርታ ያላት ሰው የለም፤ ሁሉም በየፊናው ወጣ። በሩ ላይ የጠበቃት የፊዚክስ መምህሩ ብቻ ነው። ከኪሱ ምስር የምታህል ጥቁር ቁልፍ አውጥቶ በመዳፉ ዘረጋላት።

«ቀኑን ሙሉ ይዤው ነበር። ልናገር እያልኩ… ለአንቺ ብሰጥሽ ይሻላል ብዬ ነው።»

«ለሱ ነበር የምትሰጠው፤ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ» አለችው። አልተቀበለችውም። ሹራቡን ደረቷ ላይ እንደያዘች ደረጃውን በሩጫ ወረደች፤ ልጇ ጡት ከጠባ ሰባት ሰዓት አልፎታል።