የግራው መስኮት

ሌላው ሰው የፍቅሩን ታሪክ ሲያወራ ከፈገግታ ይጀምራል። የእነዚህ ሁለቱ ግን የጀመረው በክስ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ዘይት የጠገበ ሰማያዊ ቱታ የለበሰ ሰው ፎቶ ቤት ገባና፣ ከሳምንት በፊት አሳድሶ የወሰደውን ፎቶ ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ።

«እህት፣ ይቅርታ አድርጊልኝና ማኖቬላውን የት አደረስሽው?»

«ምኑን?» አለች ከባንኮኒው ጀርባ የተቀመጠችው ልጅ።

«ማኖቬላውን። ይሄ የአያቴ አውቶቡስ ነው። ሞተሩን በእጅ አዙሮ የሚያስነሳበት ብረት እዚህ ፊቱ ላይ ተሰክቶ ነበር። አሁን የለም። ታዲያ አያቴ በምን ሊያስነሳው ነው?»

አሮጌውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጋ አየች። ሰውየው እውነቱን ነው። ከአውቶቡሱ አፍንጫ ሥር ብቅ ያለችውን ቀጭን ብረት ጭረት መስላት ጠራርጋ አጥፍታታለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሰው ቤተሰብ ከሣጥን ሥር እያወጣ የሚያመጣውን ፎቶ ስካን ስታደርግ፣ ጭረት ስታጠፋ፣ እድፍ ስታነሳ ኖራ እንዲህ ያለ ጉድ ሠርታ አታውቅም። ደክሟት ነበር። ደክሞኛል ብላ ለማን ትናገር? ገና በሠላሳ ዓመቷ ዓይኗ አሸዋ የገባበት ይመስል ሲቆረቁራት ይውላል።

«ጭረት መስሎኝ ነው» አለች።

«አያቴ በዚያ ጭረት ተመትቶ ክንዱ ተሰብሯል» አለ ሰውየው ሳይስቅ። ከዚያ የቀላ ዓይኗን አየና ድምፁ ለዘብ አለ። «ቢያንስ ከእንግዲህ አይሰብረውም። በቃ ይሁን፣ ተይው።»

«አልተወውም። ነገ ና።»

በነገታው መጣ። ማኖቬላውም ቦታው ተመልሶ ነበር። ሰውየው ፎቶውን ወደ ብርሃን ዘወር አድርጎ ረጅም ጊዜ አየውና፣ ከኪሱ ስልኩን አውጥቶ አንድ ነገር አሳያት። አሮጌ ተሽከርካሪ የሚወዱ ሰዎች የቤተሰባቸውን ፎቶ የሚለጥፉበት ገጽ ነው። አንዱ የአጎቱን ጭነት መኪና ይለጥፋል፣ ሌላው አባቱ ሥራ የጀመረበትን የባቡር ጣቢያ። ከዚያ ጠብ ይነሳል፤ የፊት መብራቱ ክብ ነው አራት ማዕዘን ነው እየተባባሉ ትልልቅ ሰዎች ሦስት ቀን ይኳረፋሉ።

«ሥራ የላቸውም እንዴ?» አለች።

«ሥራ ያደከማቸው ናቸው» አላት።

ሰውየው የባቡር ጥገና ጋራዥ መካኒክ ነው። መሬት ላይ የወደቀ ብሎን ሁሉ እያነሳ ኪሱ ስለሚከት የሥራ ጓደኞቹ «ብሎን» ይሉታል። ገጹም ላይ የሚታወቀው በዚሁ ስም ነው። እሷም ውላ አድራ ብሎን ማለት ጀመረች፤ ከሱ ሌላ ስም አፏ ላይ አልመጣላትም።

እሷም የምትለጥፈው ነገር ነበራት። አባቷ ባቡር ነጂ ነበር። የአራት ዓመት ልጅ ሳለች ወደ ቆላው የሐዲዱ ጫፍ ለሥራ ሄደና በዚያው ቀረ። ከሁለት ዓመት በፊት መሞቱ ሲሰማ አንድ ባልደረባው የሟቹን የቆርቆሮ ሣጥን ላከላቸው። ውስጡ ልብስ የለም፣ ደብዳቤ የለም፤ እስከ አፉ ድረስ የታጨቀው ፎቶና ኔጌቲቭ ነው። ጎታች ሞተሮች፣ የእንጨት ፉርጎዎች፣ ድልድይ ላይ የቆመ የጭነት ባቡር፣ ጎማው ወልቆ በድንጋይ የተደገፈ መኪና። እናቷ ሣጥኑን አንድ ጊዜ ከፍታ ዘጋችውና በእግሯ አልጋ ሥር ገፋችው።

ልጅቷ ግን ከሣጥኑ እያወጣች በየቀኑ አንድ አንድ ትልክለት ጀመር። እሱ በምሳ ሰዓቱ ይመልስላታል። «ይሄ ፉርጎ የእህል ነው፣ በሩን እይው።» «ይሄ ሞተር እስካሁን አለ፤ ትናንት ከሆዱ ሥር ተኝቼ ዋልኩ።» ስለ አባቷ ምንም አይጠይቃትም። አባቷ ያየውን ብቻ ይነግራታል። ሃያ ስድስት ዓመት የጨቀየ ነገር በዚህ በዚህ ትንሽ ትንሽ እያለ ይጠራላት ነበር።

ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ ስትወጣ በር ላይ ቆሞ ታገኘዋለች። ብዙ አያወሩም። ሁለቱም ሳምንቱ ጨምቋቸው ይመጣሉና ሻይ ይዘው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ዝም ሲባባሉ ደግሞ አይጨንቃቸውም። አንድ ቀን ብርጭቆውን በጣቱ እያዞረ «ካንቺ ጋ ስሆን ድካሜ ያርፋል» አላት። ጉንጯ ቤት እስክትደርስ ድረስ ትኩስ ነበር።

ቤት ያለችው እናቷ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ ጉልበቷ እምቢ ካላት ወዲህ ከስፌት መኪናው ወንበር እምብዛም አትነሳም። የብሎንን ነገር ስትሰማ መርፌውን እንኳ አላቆመችም።

«የፈለግሽውን አግቢ፣ ልጄ። ባቡር ቤት የሚሠራ ግን በዚህ በር አይገባም።»

«እማዬ፣ እሱ መካኒክ ነው እኮ። አይነዳም።»

«አባትሽም ሲጀምር መካኒክ ነበር። ጣቢያ ድረስ ሸኘሁት። ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላየውም። እኔ የጠበቅኩትን አንቺ እንድትጠብቂ አልፈልግም።»

ይቺን ንግግር ልጅቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በቃሏ ታውቃታለች። ሸኘሁት፣ ከዚያ ወዲህ ዓይኔ አላየውም። ከእናቷ ጋር ለመከራከር አቅም ይጠይቃል፤ አቅም ደግሞ አልነበራትም።

ነገር ሲበላሽ በአንዴ ነው። ብሎን ለአንድ ዓመት ወደ ቆላው ጫፍ ተዛወረ። ልክ አባቷ ወደሄደበት። እንድትሸኘው ጠየቃት፤ ራሴን አሞኛል ብላ ቀረች። ከዚያም ስልኩን ማንሳት ተወች፣ ለመልእክቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። ሦስት ወር እንዲህ ሆነ። ትወደው ነበር፤ ምኑ ይደበቃል? ትወደው ስለነበር ነው መጠበቅ የፈራችው።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ የመጣው መልእክት ግን አጭር ነበር።

«ቅዳሜ በስምንት ሰዓቱ ባቡር እመጣለሁ። እሑድ ተመላሽ ነኝ። ጣቢያ ካገኘሁሽ አብረን እናትሽ ዘንድ እንሄዳለን። ካላገኘሁሽ ገብቶኛል፤ ሁለተኛ አላስቸግርሽም።»

አንብባ ስልኩን በፊቱ ደፋችው። እንደማትሄድ ቆርጣ ነበር፤ ለእናቷም ይመጣል፣ እኔ ግን አልሄድም ብላ ነገረቻት።

ሐሙስ ዕለት ሥራ ሲቀዘቅዝ ከአባቷ ሣጥን የቀረውን የመጨረሻ ኔጌቲቭ ስካን አደረገችው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ሲወጣ እጇ ቀጥ አለ። ጣቢያው የእነሱ ጣቢያ ነው። ጎታቹ ሞተር አፍንጫውን ወደ ቀኝ አድርጎ ቆሟል፤ ቁጥሩ በጥላሸት ተሸፍኖ አይነበብም። አባቷ ከመስኮቱ ደረቱ ድረስ ወጥቶ መድረኩን ያያል። ፎቶውን ረዳቱ ወርዶ ያነሳው ሳይሆን አይቀርም። በምስሉ ጠርዝ ደግሞ ከአንድ ዓምድ ጀርባ አንዲት ሴት ትታያለች፤ እናቷ ናት። እጇን የያዘችው ሕፃን ራሷ ናት።

ከዚያ መድረክ በስተቀኝ ያለው ሐዲድ ወደ ቆላ ይወርዳል። ይህማ የስንብቱ ቀን ነው ማለት ነው። ገጹ ላይ ለጠፈችውና ከሥሩ «አባቴ የሄደ ዕለት» ብላ ጻፈችበት። ብሎን እዚያ ቆላ ሆኖ ቢያየውና ለምን እንደቀረች ቢገባው ብላም ነበር።

ሰዎች የኀዘን ቃል ደረደሩ። ከሰዓት በኋላ ብሎን ጻፈ። ልመና የለ፣ ወቀሳ የለ።

«ፎቶው ተገልብጧል።»

ደሟ ፈላ። አሁን ይሄ ሰው ጤነኛ ነው? ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጨመረ። «ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ዝም ማለት አቃተኝ። የዚህ ሞተር ነጂ የሚቀመጠው በግራ ነው። ሁሌም በግራ። እዚህ ላይ በቀኝ መስኮት ወጥቷል። ኔጌቲቩን እስቲ እይው።»

ኔጌቲቩን አንስታ ወደ መስኮቱ ያዘችው። የኔጌቲቭ አንዱ ፊት ያብረቀርቃል፣ ሌላው ይደበዝዛል፤ የትኛው ወደ ላይ እንደሚሆን ጀማሪ እንኳ አይስተውም። እሷ ደፍታው ነበር። ማኖቬላ ያጠፋ እጅ ምን ይሳነዋል? አስተካክላ እንደገና ስካን አደረገችው።

ሞተሩ አሁን አፍንጫውን ወደ ግራ አዞረ። አባቷም በግራው መስኮት ሆነ። ባቡሩ ወደ ቆላ አይሄድም። ከቆላ እየመጣ ነው።

ፎቶውን አትማ በቦርሳዋ ይዛ ቤት ገባች። የስፌት መኪናው ላይ፣ ከእናቷ እጅ ፊት አስቀመጠችው። መኪናው ቆመ።

«እማዬ፣ ይሄ የሄደ ዕለት አይደለም።»

እናቷ ፎቶውን አየች። መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጠረገች፣ መልሳ አደረገች።

«አይደለም» አለች በመጨረሻ። «ከሄደ በዓመት ከመንፈቁ ነው። ደብዳቤ ጻፈ። በዚህ ቀን ባቡሩን ይዤ አልፋለሁ፤ መድረኩ ላይ ካየኋችሁ ወርጄ እቀራለሁ፣ ካላየኋችሁ ግን ተስፋ ቆርጣችሁብኛል ብዬ እሄዳለሁ አለ።»

«ሄድሽ እኮ። ይኸው ቆመሻል።»

«ሄድኩ። አንቺን አለባብሼ ሄድኩ። ባቡሩ ሲገባ ግን አንድ ነገር ያዘኝ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ብቻዬን ስዳክር ኖሬ፣ አሁን እሱ ሲያሰኘው መጥቶ እኔ ፈገግ ብዬ ልቀበለው? ትንሽ ይፈልገኝ ብዬ ከዓምዱ ጀርባ ቆምኩ። ትንሽ ብቻ። በመስኮት ወጥቶ ሲፈልገን አየዋለሁ። አሁን እወጣለሁ፣ አሁን እወጣለሁ ስል ፊሽካው ተነፋ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ሄደ። ቃሉን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ አላስቸገረኝም።» እናት ድምፅዋ አልተሰበረም፤ እጇ ብቻ ጨርቁን ይዞ መልቀቅ አቃተው። «ሰው ሁሉ ጥሏት ሄደ አለኝ። እኔም እንደሱ አልኩ። ተደብቄበት ነበር የምለው ለማን ነው? ላንቺ ነው?»

ልጅቷ መቆጣት ነበረባት። ይህን ሁሉ ዓመት እናቷ ዋሽታታለች። ግን ያቺን ከዓምድ ጀርባ የቆመች ሴት ስታያት ገና የሃያ አራት ዓመት ልጅ ናት፤ ዓይኗ ሥር ያለው ጥቁረት ደግሞ ጠዋት ጠዋት መስተዋት ውስጥ የምታየው የራሷው ነው። ጎንበስ ብላ የእናቷን ራስ ደረቷ ላይ አስደገፈችው።

«ያ ልጅ መቼ ነው የሚመጣው?» አለች እናት ከደረቷ ሥር።

«ቅዳሜ፣ በስምንት ሰዓት።»

«ከዓምዱ ፊት ቁሚ።»

ቅዳሜ ባቡሩ አንድ ሰዓት ዘገየ። ልጅቷ መድረኩ ላይ ቆማ እግሯ ዛለ። ዓምዱ ያው የድሮው ነው፣ ቀለሙ ብቻ ተቀይሯል። ሐዲዱ መንዘር ሲጀምር እግሯ ራሱ ወደ ኋላ ሳባት፤ ምክንያቱም አላጣችም፤ ፀጉሯ ተበላሽቷል፣ ሦስት ወር ስልክ ያላነሳ ሰው በምን ዓይኑ ያያል፣ ትንሽ ይፈልገኝ። ትንሽ የምትለዋ ቃል ስትመጣባት ደነገጠች። ሁለት እርምጃ ወደ ፊት ሄዳ መሀል ላይ ቆመች።

ብሎን በግራው መስኮት ነበር። ሕዝቡን እያየ አለፋት። ፊቱ ገርጥቷል፤ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳላየ ያስታውቃል። ድጋሚ ቢያይም ስላላገኛት፣ አንገቱን ወደ ውስጥ መለሰ።

«ብሎን» ብላ ጠራችው። በሕይወቷ እንዲያ ጮኻ አታውቅም። ሰው ሁሉ ዞረባት።

ወርዶ ፊቷ ቆመ። ቦርሳውን መሬት አስቀመጠ፣ መልሶ አነሳው።

«ገልብጬው ነበር» አለች።

«ፎቶውን?»

«ሁሉንም።»

እጇን ያዘው። መዳፉ ሻካራ ነው። ከዚያ ወዲያ እስከ ቤት ድረስ ዝም ብለው ሄዱ። ደክሟቸው ነበር፤ ዝምታው እንደ ድሮው ነበር።

እናት በሩን ከፍታ ትጠብቅ ነበር። ከስፌት መኪናው ጎን ያለው ወንበር፣ ልጅቷ ነፍስ ካወቀች ጀምሮ የተቆረጠ ጨርቅ ተከምሮበት የኖረው፣ ባዶ ሆኗል። እናት መካኒኩን ከእግር እስከ ራሱ አየችውና ወንበሩን በእጇ አሳየችው። ተቀመጠ።

«በየትኛው መስኮት ነበርክ?» አለችው።

«በግራው፣ እማማ።»

እናት ራሷን ነቀነቀች። የስፌት መኪናው ላይ ያለውን ፎቶ አንስታ በመሐረቧ ጠረገችው፣ ጭረትም እድፍም አልነበረበትም።

«እሱም በግራው ነበር» አለች። «ፊት ለፊቴ።»