አንዴ ብቻ የሚጠየቅበት ደሴት

ዓሣው ሄደ። ሔርሜላ ዓይኗን ማመን አቃታት።

አሁን ከፍም ላይ የወጣ፣ ቆዳው ጠበስ ያለ የነጭ ዓባይ ዓሣ ከነትሪው ፊቷ ቀርቦ ነበር። «አይ፣ ይቅርብኝ፤ በልቼ ነው የመጣሁት» አለች። የክፍል ጓደኛዋ የፖኒ ሴት አያት፣ ሁሉም በዓረብኛ «ሀቦባ» የሚሏቸው፣ «እሺ» አሉና ትሪውን አንስተው ዓሣውን ለልጅ ልጆቻቸው አደሉት። በቃ! «በሞቴ» የለ፣ «አፈር ስሆን» የለ። ኧረ ጉድ ነው! ጀልባው እንዳያመልጣት ስትሮጥ እኮ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም።

ጥፋቱ የእናቷ ነው። ጠዋት ጁባ ካለው ሰፈራቸው ከቶንፒንግ ስትሸኛት «የሰው ቤት ሄደሽ ገና ሲሰጡሽ እጅሽን እንዳትዘረጊ፤ ሦስቴ ይለምኑሽ» ብላታለች። ደግነቱ «ደስ ካለሽ እስከ እሁድ ቆዪ፣ ካልሆነ በመጨረሻው ጀልባ ተመለሽ» ብላም ፈቅዳላታለች።

ደስ አላት እንዴ? በደስታ ልታብድ ነው እንጂ! ከጁባ ትንሽ በጀልባ ተሻግሮ እንዲህ ያለ አገር አለ? ጎንዶኮሮ ደሴት ላይ ወንዙ ዳር ነጫጭ ወፎች ተደርድረዋል፤ ከዛፉ ሥር ከቅድመ አያት የወረደው የባሪ ብሔረሰብ ከበሮ ተቀምጧል። የጄኔሬተር ጩኸት የሚባል ነገር የለም።

«ታንኳ እንቅዘፍ?» አለቻት ፖኒ።

«አይ፣ አንቺ ሂጂ።»

ፖኒ ሄደች! ሔርሜላ ዳር ቆማ ምራቋን ዋጠች። ከሰዓት በኋላ ከበሮው ሲመታ «ነይ፣ እንጨፍር» አሏት። «ኧረ እኔ አልችልም» አለች፤ እግሯ ግን ብቻውን መሬቱን ይመታል። ማንም ደግሞ አልጠየቃትም።

አመሻሹ ላይ ፖኒ ፊቷ ተለውጦ መጣች።

«ሔርሚ፣ ደሴታችንን ጠላሽው አይደል? ያልንሽን ሁሉ እንቢ አልሽ። ሀቦባ ‹ልጅቷ ናቀችን› ብላ አዝናለች። ጀልባው ሊነሳ ነው። ትሄጃለሽ ወይስ ትቆያለሽ?»

ሔርሜላ ክው አለች። «አላስቸግራችሁ» የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ደርሷል። ባለጀልባው ሞተሩን አስነሳ። ፖኒ ዓይን ዓይኗን ታያታለች፤ ሁለተኛ እንደማትጠይቃት ያስታውቃል። አሁን «አይ» ካለች ጓደኛዋን አጣች ማለት ነው።

«ካፈርኩ አይመልሰኝ!» አለች በአማርኛ፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝኛው ዞራ ዘረገፈችው። «አልበላሁም ነበር! ታንኳውንም ፈልጌ ነበር፣ ጭፈራውንም! እኛ ቤት ሦስቴ ካልተለመንን እሺ አንልም። መቆየት እፈልጋለሁ፣ ፖኒ። በጣም!»

ፖኒ አፏን ከፍታ ቀረች። «ሦስቴ? እስከ ሦስተኛው እኮ ሁሉም ነገር ያልቃል!» በሳቅ ፈነዳች። ለአያቷ ስትነግራቸው ሀቦባ ጭናቸውን እየመቱ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ሔርሜላም አፍራም፣ ቀልሏትም አብራ ሳቀች። ባለጀልባው «ያላ! የምትሄጂ ከሆነ ነይ!» ብሎ ሲጮህ «እሁድ ና!» ብላ እጇን አውለበለበችለት።

ሀቦባ ምንጣፍ ይዘው ወደ ጎጆው ገቡና «በግድግዳው በኩል ነው ወይስ በበሩ በኩል የምትተኚው?» ብለው ጠየቋት።

«የትም ይሁን» ልትል አፏን ከፈተችና ዘጋችው።

«በበሩ በኩል» አለች። «ወንዙን እየሰማሁ መተኛት እፈልጋለሁ።»