አረንጓዴው ከረጢት ከቀዩ መስመር ማዶ

በሩን ከፍታ የገባችው አፍንጫዋን ይዛ ነበር። ገና ሳያት ይቅርታ መጠየቅ ጀመርኩ።

«ይቅርታ እህቴ፣ ሽታው አሁን ይጠፋል! ድስቱ ነው... ዕቃ የምናፈላበት። ከእንግዲህ መስኮት ሳልከፍት አላፈላም!»

ልጅቷ የሞተር ሳይክል ሄልሜቷን በብብቷ እንደያዘች እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«ጨረስክ?»

«አዎ።»

«ለክስ አልመጣሁም። ልመዘገብ ነው።»

ከዩንሩ ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው። በዚያ ሰሞን ከክስ ውጪ በሬን የሚያንኳኳ ሰው አልነበረም።

ቤቱ ታይናን ከተማ ውስጥ፣ ድሮ የአኩሪ አተር ወተት ይሸጥበት የነበረ አሮጌ ሱቅ ነው። ባዮሎጂ ተምሬ ስጨርስ የሁሉም ሰው ቤተ ሙከራ ላደርገው ተከራየሁት። ሐሳቤ ቀላል ነበር። ጸጉር አስተካካይም ሆነ ሾፌር፣ የፈለገ ሰው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥቶ ጉዳት የሌላቸውን ባክቴሪያዎች አዲስ ጠባይ ያስተምር፤ ቀለም እንዲያወጡ፣ ሙዝ ሙዝ እንዲሸቱ፣ በጨለማ እንዲያበሩ።

ሐሳቡ ቀላል ነበር፤ ሰዉ ግን ከባድ ሆነብኝ። የስልክ ግሩፓችን ውስጥ ያለው ሰው አውቶቡስ ይሞላል። ቅዳሜ የሚመጣው ግን አንድ ሞተር ሳይክል ላይ ይጫናል። አንዱ «መላጣዬ ላይ ፀጉር ታበቅልልኛለህ?» አለኝ። ሌላዋ የመጀመሪያው ሥራ ሳህን ማጠብ መሆኑን ስታውቅ «ስልክ ላናግር» ብላ ወጣች፤ እስካሁን እያናገረች ነው።

የሰፈራችን ሹም እትዬ ሹሜይ ደግሞ ነጋ ጠባ ብቅ ይሉ ነበር።

«ይሄ የምታረቡት ነገር ይሄዳል?»

«አይሄድም እትዬ። በዓይን እንኳ አይታይም።»

«የማይታይማ ይብሳል!»

በመጨረሻ ተስማማን። ወለሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ለጠፍኩ። ከመስመሩ ወዲህ ሻይም ቡናም ይፈቀዳል፤ ከመስመሩ ወዲያ፣ ባክቴሪያዎቹ ወዳሉበት፣ የሚበላ ነገር አይገባም። በቀጠርነው አንድ ቅዳሜ ጎረቤቱ ሁሉ መጥቶ ሥራችንን ያያል። ከወደዱት እንቀጥላለን፤ ካልወደዱት ቤቱን እለቃለሁ።

«ግን ስማኝ ቦሹን» አሉኝ እትዬ ሹሜይ ጣታቸውን ቀስረው። «ከዚያ ቀን በፊት አንዲት ኦቾሎኒ እንኳ ከመስመሩ ወዲያ ካየሁ፣ ቅዳሜ የሚባል ነገር የለም!»

ዩንሩ በባቡር ጣቢያው የቲኬት ማሽኖችን የምትጠግን ቴክኒሻን ናት። በመጀመሪያው ቅዳሜ መጣች። በሚቀጥለውም መጣች። ሳህን አጠበች፣ አላማረረችም። ሁለት ጓደኞቿን አመጣች። የሰፈራችንን የሞተር ሳይክል መካኒክ ሊያንግን ሳይቀር ጓንት አስጠለቀችው።

«ሊያንግ፣ አፍንጫህን አትንካ!»

«በላኝ እኮ!»

«ይብላህ። ታሪክ ስትሠራ አፍንጫ አይታከክም።»

ባክቴሪያዎቹ የሚያድጉት ከዓሣ መጫኛ ፎም ሳጥን በሠራነው ማሞቂያ ውስጥ ነው፤ ውስጡ አንድ አምፖል አለ። ለቅዳሜው ዝግጅት ከተማችን የምትታወቅበትን ዓሣ፣ ሳባሂን፣ ልንሥል ወሰንን። በብዙ ትናንሽ ሳህኖች ላይ በባክቴሪያ ይሣላል፤ ሳህኖቹ ተገጣጥመው መብራት ሲጠፋ ዓሣው በአረንጓዴ ብርሃን ያበራል። መጀመሪያ ጅራቱን ሣልነው። ዩንሩ ሳህኑ ላይ ስታጎነብስ ትንፋሿን ትይዛለች። እኔም ሳላስበው አብሬ እይዛለሁ።

«አንተ ለምን ትንፋሽህን ትይዛለህ?» አለችኝ አንድ ቀን።

«እኔ? ... እንዳላስነጥስ ብዬ።»

ሳቀች። የምር እየወደድኩሽ ነው ልላት ፈልጌ «ጓንትሽ ተቀዷል» አልኳት።

የዝግጅቱ ሳምንት ረቡዕ ከሰዓት፣ እትዬ ሹሜይ ለቁጥጥር ሊመጡ ጥቂት ሲቀራቸው፣ ማሞቂያው ላይ ተደላድሎ የተቀመጠ አረንጓዴ የበቆሎ ቺፕስ ከረጢት አየሁ። ከቀዩ መስመር ወዲያ!

እዚህ አገር ማሽን ባለበት ሁሉ ይህ ከረጢት አለ። ባንክ ቤትም፣ ሊፍት ላይም። የቺፕሱ ስም «ጨዋ ሁን» እንደማለት ስለሆነ፣ ማሽኑ ሰምቶ እንዳይለግም ተብሎ ይቀመጥለታል። አረንጓዴ መሆን አለበት፤ መከፈት የለበትም፤ ቀኑም ማለፍ የለበትም። ይህን የማያውቅ የለም። እኔም አውቃለሁ። ግን ምግብ ነው! ስንት ወር ለምኜ ያገኘሁትን ዕድል በአንድ ከረጢት ቺፕስ ላጣ?

አንስቼ ቅርጫት ውስጥ ወረወርኩት። በንዴት ግሩፑ ላይ «ይህን ቆሻሻ ማነው ያስገባው?» ብዬ ጻፍኩ።

ከኋላዬ የስልክ መልእክት ጮኸ። ዞር ስል ዩንሩ በሩ ላይ ቆማለች።

«ቆሻሻው የኔ ነው» አለች።

«ዩንሩ... ሕጉን ታውቂዋለሽ።»

«አውቀዋለሁ።»

«ታዲያ?»

«ታዲያ ምንም።»

ሄልሜቷን አድርጋ ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ማሞቂያውን ስከፍት በረዶ ሆኗል። አምፖሉ ተቃጥሎ ነበር። የጅራቱ ሳህኖች ቀድመው ስላደጉ ተርፈዋል። የቀረው የዓሣው ገላ ግን ምንም አልበቀለበትም።

«ከረጢቱን ጥለህ ነዋ!» አለ ሊያንግ።

«ሊያንግ፣ አምፖል ነው። አምፖል ይቃጠላል።»

«አዎ ይቃጠላል። ከረጢቱ ሲጣል!»

ግሩፑ ላይ «እገሌ ወጥቷል»፣ «እገሊት ወጥታለች» የሚል ጽሑፍ ይደረደር ጀመር። ተናደድኩ። ሕጉን ያወጣሁት ለነሱ ብዬ! አምፖል የሚቃጠለው ክሩ ስለሚያረጅ ነው ብዬ ስንቱን ላስረዳ? ባዶው ቤት ውስጥ ተቀምጬ ከራሴ ጋር ተከራከርኩ። ክርክሩን ሁሉ አሸነፍኩ። ደስ ግን አላለኝም።

ስለ ሕጉ ትክክል ነበርኩ። «ቆሻሻ» ያልኩት ግን ትክክል አልነበረም። ማሞቂያውን ከቦታው ጎትቼ አምፖሉን ቀየርኩና ወደ ጣቢያው ሄድኩ።

ዩንሩ አንድ የተከፈተ የቲኬት ማሽን ፊት ተንበርክካለች። ከማሽኑ አናት ላይ አረንጓዴ ከረጢት አለ።

«ቲኬት ከሆነ ወዲያኛው ማሽን ይሠራል» አለች ቀና ሳትል።

«ለቲኬት አልመጣሁም። ... ልመዘገብ ነው።»

ፈገግ ልትል ነበር፤ ተወችው።

«ቦሹን፣ ማሽን ጆሮ እንደሌለው አውቃለሁ። ሆዱን ከፍቼ የማየው እኮ እኔ ነኝ! ሥራ የጀመርኩ ቀን አንድ ማሽን አልነሳ አለኝ። አለቃዬ ምንም ሳይናገር ይህን ከረጢት አምጥቶ አናቱ ላይ አስቀመጠልኝ። አልተቆጣኝም። አብሬሽ ነኝ ማለቱ ነበር። እኔም ላንተ... እንደዚያ ማለቴ ነበር።»

«ለኔ? ለማሽኑ አይደለም?»

«ፎም ሳጥን መስሎህ ነው በየቅዳሜው የምመጣው?»

በጣቢያው ተሳፋሪ እየተጋፋ ያልፋል።

«መስመሩን ማለፌ ጥፋት ነው» አለች ቀጥላ። «ጣልከው፣ እሺ። ግን ሰው ሁሉ ፊት ቆሻሻ አልከው።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ። ሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ እጠይቃለሁ። ሕጉን ግን መቀየር አልችልም።»

«ማን ቀይር አለህ?»

«ስለዚህ ሳጥኑን ቀየርኩት። ማለቴ፣ ቦታውን! መስመሩ ጫፍ ድረስ ጎትቼዋለሁ። ከመስመሩ ወዲህ፣ ሻይ በሚፈቀድበት በኩል፣ መደርደሪያ መታሁ። ከረጢቱ እዚያ ሆኖ ሳጥኑን ፊት ለፊት ያየዋል። ከረጢቱና ሳጥኑ የግድ ይነካኩ የሚል ሕግ አለ እንዴ?»

ከቦርሳዬ አዲስ ከረጢት አወጣሁ። ተቀብላ መጀመሪያ ያየችው ቀኑን ነው።

«እስከ መጪው ፀደይ ይቆያል» አለች።

«አዎ። ... ቀኑ ሲያልፍ ማን ይቀይረዋል?»

ከረጢቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«እኔ» አለች። «እኔ እቀይረዋለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውንም።»

ከሥራ ስትወጣ የዓሣውን ገላ እንደ አዲስ አብረን ሣልነው። በዚያው ምሽት ግሩፑ ላይ ይቅርታዬን ጻፍኩ። ሊያንግ በአውራ ጣት ምልክት መለሰልኝ፤ ቅዳሜ ግን ሰው ሰብስቦ መጣ።

እትዬ ሹሜይ ጎረቤቱን አስከትለው ገቡ። ዓይናቸው መጀመሪያ መደርደሪያው ላይ አረፈ።

«ይሄ ምንድነው?»

«ከመስመሩ ውጪ ነው እትዬ» አልኩ ወደ ቀዩ ፕላስተር እየጠቆምኩ።

ጠጋ ብለው መስመሩን አዩ። ከረጢቱን አንስተው ቀኑን አነበቡ። በጥንቃቄ መለሱት።

«ትንሽ ወደ ግራ። ሳጥኑን በደንብ አያየውም።»

መብራት አጠፋን። ገላውን ዘግይተን ስለሣልነው ገና አልበራም ነበር። በጨለማው ውስጥ አንድ ጅራት ብቻ አረንጓዴ ሆኖ ደመቀ። አበቃልኝ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የዩንሩ እጅ እጄን ፈልጎ ያዘው።

«ጅራት ብቻ?» አሉ እትዬ ሹሜይ።

«ገላውና ጭንቅላቱ ገና ነው እትዬ» አለች ዩንሩ። «ጊዜ ይፈልጋል።»

«እና ጅራት አሳይታችሁኝ ልትለቁ ነው? የለም! ጭንቅላቱን ሳላይ ማንም ከዚህ ቤት አይወጣም!»

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በማግስቱ ጠዋት ዓሣው ከነጭንቅላቱ በራ፤ እትዬም አይተው ጠብ አጫሪ ይመስላል አሉ። ከዚያ በኋላ ግን ሙዝ ሙዝ የሚሸተውን ካላየሁ አሉ።

ዛሬም ሰው እንደፈለግኩት አይመጣም፤ ሳህን ማጠብ የሚወድ አልተገኘም። ፀደይ በመጣ ቁጥር ግን ባለቤቴ አዲስ አረንጓዴ ከረጢት ገዝታ ትመጣለች። ቀኑን ታነባለች፣ መደርደሪያው ላይ ታስቀምጠዋለች። አሮጌውን ከመስመሩ ወዲህ ቁጭ ብለን አብረን እንበላዋለን።